ጥቁሩ «ሒና» ሒና አይደለም፦ የዒድ ጌጥ የልጅ ቁስል እንዳይሆን

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓባዎቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስለ ሒና ነው። «ሒና ደግሞ ምን የሚያወያይ ነገር አለው? እናቶቻችንም ሴት አያቶቻችንም ተቀብተውት ኖረዋል» የሚል አድማጭ ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ኖረውበታል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን እነርሱ ስላልተቀቡት፣ የሒናን ስም ለብሶ በልጆቻችን እጅ ላይ ስለሚወጣ ሌላ ነገር ነው።

እስቲ አንድ ቤት በምሳሌ እናስብ። ነገ ዒድ ነው። እናት ለእንግዳ የሚቀርበውን ስታሰናዳ ጉልበቷ አልቋል። የስምንት ዓመት ልጇ አጠገቧ ቆማ «እማዬ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ እጃቸውን ተሠርተዋል፤ እኔስ?» ትላለች። እናትም ለታላቅ እህቷ ጥቂት ብር ሰጥታ ሒና ከሚሠሩት ሴት ዘንድ ትልካቸዋለች። ታላቅየዋ «እትዬ፣ ቶሎ የሚደርቀውን ያድርጉላት፤ ቤት ሥራ ይጠብቀናል» ትላለች። ሴትዮዋም «እንግዲያውስ ጥቁሩን ላድርግላት፤ በግማሽ ሰዓት ታጥባ ትሄዳለች» ይሏታል። ልጅቱ እንደ ኩል የጠቆረ አበባ በመዳፏ ጀርባ ላይ አስይዛ እየቦረቀች ትመለሳለች። በዒዱ ቀን ያያት ሁሉ «ማሻአላህ!» ይላታል።

ዒዱ አልፎ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። በአሥረኛው ቀን ማታ ልጅቱ «እማዬ፣ እጄን በላኝ» ትላለች። ሲነጋ አበባው የነበረበት ቦታ ቀልቶ ከቆዳዋ በላይ አብጦ ተገኘ። በማግሥቱ ያ ያበጠው መስመር ውኃ ቋጠረ። አያት አይተው «ምች ነው፤ ዳማከሴ አምጡ» ይላሉ። ጎረቤት «አልማዝ ባለጭራ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «በዒድ ቀን አምራ ስለነበር ዓይን አግኝቷት ነው» ትላለች። ያን የዒድ ዋዜማ የግማሽ ሰዓት ቀለም ግን ማንም አላስታወሰውም፤ ምክንያቱም አሥር ቀን አልፎታል።

ይህችን ልጅ ለምሳሌ አነሣናት እንጂ ሕመሙ ምሳሌ አይደለም። በብዙ የዓለም አገሮች የቆዳ ሐኪሞች ደጋግመው የመዘገቡት፣ መንሥኤው በግልጽ የታወቀ ችግር ነው። መዳኛው ቀላል ባይሆንም መከላከያው ግን በጣም ቀላል ነው፤ እሱም ማወቅ ነው።

ሒና በዲናችን ያለው ቦታ

ወገኖቼ፣ ነገራችን ሒናን መቃወም አይደለም። ሒና በዲናችን የተከበረ ቦታ ያለው ቅጠል ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሽበትን መቀየርን የወደዱ ሲሆን፣ ለዚህ ከሚሆኑት ሁሉ መልካሞቹ ሒናና ከተም የሚባለው ተክል መሆናቸውን ማመልከታቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። የነቢዩ ቤት አገልጋይ የነበሩት ሰልማ (ረ.ዐ.) ደግሞ፣ አንድ ሰው ሲቆስል ወይም እሾህ ሲወጋው ሒና እንዲያደርግበት ነቢዩ ያዙ እንደነበር ማውራታቸው ተላልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ገላን በመርፌ ወግቶ ቀለም መክተት፣ ማለትም በዐረብኛ ወሽም የሚባለው ዘላቂ ንቅሳት፣ በሐዲስ በጥብቅ የተወገዘ ነው። ሒና ግን ከላይ የሚቀባና በቀናት ውስጥ የሚለቅ ስለሆነ ከዚያ የተለየ ነው። ስለ ጥቁር ቀለምም የሚጠየቅ አለ። በመካ መከፈት ጊዜ የአቡበክር (ረ.ዐ.) አባት አቡ ቁሐፋ ራሳቸው ነጭ ሆኖ ሲመጡ ነቢዩ ሽበታቸው እንዲቀየርና ጥቁር እንዲቀር ማዘዛቸው በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። ይህ ስለ ሽበት የመጣ ነው፤ ዑለማእም በዝርዝሩ ላይ ተወያይተውበታል። የዛሬው ጉዳያችን በዚያ ውይይት ላይ የቆመ አይደለም። የኛ ጉዳይ ጉዳት ነው። በሸሪዓችን ራስን መጉዳትም ሌላውን መጉዳትም እንደማይፈቀድ ሁሉም የፊቅህ ሊቃውንት የተስማሙበት መሠረት ነው። በራሱ ሐላል የሆነ ነገር እንኳ ለአንድ ሰው ጎጂ መሆኑ ከተረጋገጠ ለዚያ ሰው ይከለከላል። በሒና ስም የሚቀባ ኬሚካልማ እንዴት አይከለከል?

የደጋው እንሶስላና የቆላው ሒና

በኛ አገር ደጋ የሴቶች ጌጥ ከጥንት ጀምሮ እንሶስላ ነው። እንሶስላ ርጥበት ባለበት ደጋና ወይና ደጋ፣ በወንዝ ዳርና በጥላ ሥር የሚበቅል ሲሆን፣ ቀለሙ ያለው ከመሬት በታች በተደበቀው ሥሩ ውስጥ ነው። እናቶቻችን ሥሩን ቆፍረው፣ አጥበው፣ ወቅጠው፣ እጅና እግር ላይ አድርገው በጨርቅ ወይም በቅጠል ጠቅልለው ያድሩ ነበር። «እንሶስላ ሞቀች» የምንለውም ለዚህ ነው። ሲነጋ ሲፈታ የሚወጣው ቀለም ቀይ ነው። ሙሽራም በእንሶስላ ትታወቅ ነበር፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው።

ሒና ግን የቆላ ተክል ነው። ሙቀት ይፈልጋል፤ በዳባትና በደባርቅ ብርድ አይበቅልም። ስለዚህ ወደ ጎንደር የሚመጣው ቅጠሉ ደርቆና ተፈጭቶ በንግድ ነው። ሒና በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በሶማሌና በአፋር የኖረ የቤት ጌጥ ሲሆን፣ ወደ ጎንደር ደግሞ በመተማ በኩል ከሱዳን ጋር የነበረው የዘመናት ንግድና ዝምድና የሒናን ልማድም አብሮ አስተዋውቆናል። የሱዳን ሙሽሮች የሚሠሩት ጠቆር ያለ የእጅና የእግር ጌጥም በብዙ ልጃገረዶቻችን ዘንድ ተወዳጅ ሆነ።

ይህን የማነሣው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እንሶስላን የምትሠራ እናት ሥሩን በዓይኗ ታየዋለች፤ ምን እንደቀባች ታውቃለች። ሒና ግን የሚመጣልን ተፈጭቶ በዱቄት ነው፤ ወይም ተቦክቶ በሾጣጣ ላስቲክ ተሞልቶ ነው። በውስጡ ምን እንዳለ ማየት አንችልም። ችግሩም የገባው በዚህ በማይታየው በኩል ነው።

ጥቁሩ ምንድን ነው?

አድማጮቼ፣ ይህን በደንብ ያዙልኝ። ከሒና ቅጠል ጥቁር ቀለም አይወጣም። የሒና ቅጠል በውስጡ ያለው ማቅለሚያ ብርቱካንማ፣ ቀይና ቡናማ ነው የሚሰጠው። ይህንንም ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሰዓታት ቆዳ ላይ መቆየት አለበት። መጀመሪያ ሲታጠብ ብርቱካንማ ይሆናል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ እየጨለመ ወደ ቡናማ ቀይ ይሄዳል። ይህ አላህ በቅጠሉ ላይ ያደረገው ተፈጥሮ ነው። የሚቸኩል ሰው ሊያፈጥነው አይችልም።

እንግዲህ በግማሽ ሰዓት እንደ ከሰል የሚያጠቁረው ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ የጸጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ነው። ስሙ ፓራ ፌኒሊንዳያሚን ይባላል፤ ባጭሩ ፒፒዲ ይሉታል። ሱዳኖች «ሐጀር» ማለትም ድንጋይ ወይም «ሰብጋ» ማለትም ማቅለሚያ በሚል ስም ያውቁታል። አንዳንዶች ዱቄቱን ከሒና ጋር ይደባልቁታል፤ አንዳንዶች ሒና ጨርሶ ሳይኖርበት ብቻውን በውኃ አቡክተው ይሥሉበታል። ቶሎ እንዲይዝ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ የሚጨምሩም አሉ፤ ይህም ራሱን የቻለ የቆዳ ጠላት ነው።

«ጸጉር ላይ የሚደረግ ከሆነ እጅ ላይ ቢደረግ ምን አለበት?» ይባል ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው። በአውሮፓ ሕግ ይህ ኬሚካል ለጸጉር ቀለም ብቻ ነው የተፈቀደው። ተበጥብጦ ጸጉር ላይ ሲደረግ ከመቶ ሁለት እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ በኋላም ይታጠባል። እጅ ላይ ለመሣል ግን አልተፈቀደም። በአሜሪካም ሒና ራሱ የተፈቀደው ለጸጉር ማቅለሚያነት ነው፤ በቀጥታ ገላ ላይ ለመሣል አይደለም። በአንጻሩ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጥቁር ሒናዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት በአንዳንዶቹ ውስጥ የተገኘው ኬሚካል እስከ ከመቶ 29 ተኩል እንደሚደርስ አሳይቷል። ለጸጉር ከተፈቀደው ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። እሱም ለስላሳ በሆነ የልጅ ገላ ላይ፣ ያለ መለኪያ፣ በግምት!

የአሜሪካ የቆዳ ንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ ኬሚካል የዓመቱ ዋና የአለርጂ መንሥኤ ብሎ ሰይሞታል። በአውሮፓ የሚሸጡ እንዲህ ያሉ የጸጉር ቀለሞች ሣጥን ላይም ጥቁር ሒና በገላ ላይ መሣል ለአለርጂ እንደሚያጋልጥና ቀለሙ ከ16 ዓመት በታች ላሉ እንዳልተዘጋጀ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ግዴታ ነው።

ከጎረቤታችን ሱዳን የምንማረው

ልማዱ ከሱዳን በኩል እንደመጣ ሁሉ ትምህርቱም ከዚያው መጥቷል። የካርቱም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከ1984 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት በሒናና በዚህ ኬሚካል ድብልቅ ተመርዘው ሆስፒታል የገቡ የ31 ልጆችን ታሪክ ዘግበዋል። ፊታቸውና አንገታቸው አብጦ መተንፈስ አቅቷቸው ነበር፤ ለ15ቱ አየር እንዲያገኙ ጉሮሯቸውን በቀዶ ሕክምና መክፈት አስፈልጓል። ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመም ነበሩ። ከ31ዱ 13ቱ በ24 ሰዓት ውስጥ አርፈዋል። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ይህ መመረዝ ነው፤ እጅ ላይ ከመሣል ጋር አንድ አይደለም። እጇ ላይ ጥቁር አበባ የተሣለች ልጅ እንዲህ ትሆናለች ብዬ ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ነገር ግን የዱቄቱን ባሕርይ ከዚህ እንረዳለን። በቤታችሁ የጸጉር ማጥቆሪያ ዱቄት ካለ፣ እንደ መድኃኒትና እንደ በረኪና ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። በስኳር ዕቃ፣ በቅመም ብልቃጥ ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡት።

በልጅ ገላ ውስጥ የሚሆነው

አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥ ጠባቂዎችን አኑሯል። እነዚህ ጠባቂዎች ባዕድ ነገር ሲገባ መልኩን ያጠናሉ፤ አንዴ ካወቁትም አይረሱትም። ፒፒዲ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ቆዳን ዘልቆ ይገባል። መጀመሪያ ሲገባ ጠባቂዎቹ ገና እያጠኑት ስለሆነ ምንም ላይታይ ይችላል። ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ግን ለይተው ያውቁታል፤ ያን ጊዜ ቀለሙ በነካው ቦታ ሁሉ ጦርነት ይከፍታሉ። ማሳከኩ፣ መቅላቱ፣ ማበጡና ውኃ መቋጠሩ ያ ጦርነት ነው። ቁስሉ የሥዕሉን ቅርጽ ይዞ የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ አበባ ከተሣለ አበባ፣ ሐረግ ከተሣለ ሐረግ ሆኖ ያብጣል። ምችም ሆነ አልማዝ ባለጭራ እንዲህ የተሣለ ቅርጽ ተከትለው አይወጡም። እናቶች ይህን ምልክት አስታውሱ።

ልጅቱ ከዚህ በፊት ተቀብታ ከነበረ ደግሞ ሁለተኛው ጊዜ አሥር ቀን አይጠብቅም፤ በሰዓታት ወይም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይነሣል፤ ሊብስም ይችላል። «አምና ተቀብታ ምንም አልሆነችም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። አምና ያልሆነችው ገላዋ ገና እያጠና ስለነበር ሊሆን ይችላል።

ቁስሉ ሲድን በቦታው ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል፤ በልጆች ላይ ይህ በተለይ ይታያል። ለወራት ይቆያል፤ ጨርሶ የማይጠፋበትም ጊዜ አለ። በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ጠባሳው ወፍሮ ይወጣል። በኛ አካባቢ ነጭ ምልክት ያለባትን ልጅ «ለምጽ ይዟታል» ብሎ መሸሽ አለ። ይህ ለምጽ አይደለም፤ ለምጽም ቢሆን በመነካካት አይተላለፍም። ልጅቱን ማራቅ ሌላ ቁስል መጨመር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የማይታየው ነው። ያ የገላ ጠባቂ አንዴ ያወቀውን ዕድሜ ልክ አይረሳም። ዛሬ ስምንት ዓመቷ የሆነ ልጅ ነገ ሙሽራ ትሆናለች፤ ከነገ ወዲያ ሽበት አውጥታ ጸጉሯን ላቅላ ትላለች። ያን ቀን ተራ የጸጉር ቀለም ፊቷን ሊያሳብጥና ዓይኗን ሊጋርድ ይችላል። ይህ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ዘመድ የሆኑ ኬሚካሎችም ያስቸግሯቸዋል፦ አንዳንድ ጥቁር የልብስ ማቅለሚያዎች፣ አንዳንድ ጥቁር ጎማዎች፣ ቤንዞካይን የተባለው የማደንዘዣ ቅባት ከነዚህ ይገኙበታል። ወደፊት ጸጉር ቤት ከፍታ መሥራት ብትፈልግ ያ የእንጀራ በር ሊዘጋባት ይችላል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቀን ጌጥ የተከፈለ ዋጋ ነው።

እንዴት እንለየው?

እናቶች በጥቂት ጥያቄዎች መለየት ትችላላችሁ።

አንደኛ፣ ቀለሙን እዩ። እውነተኛ የሒና ዱቄት አረንጓዴ ወይም አረንጓዴ ቡናማ ነው፤ ሽታው የደረቀ ቅጠል ሽታ ነው። የቀለም፣ የቤንዚን ወይም የኬሚካል ሽታ ካለው ይቅር።

ሁለተኛ፣ «ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል» ከተባላችሁ ሒና አይደለም።

ሦስተኛ፣ «ምን ቀለም ይወጣል?» በሉ። «ጥቁር» ከተባለ በቂ መልስ ነው።

አራተኛ፣ «ምን ጨመራችሁበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሎሚ፣ ሻይ፣ ስኳር የቆየ ልማድ ነው። «የጸጉር ቀለም» ወይም «ሐጀር» ካሉ አመስግናችሁ ተመለሱ። መልስ ከሌላቸውም ተመለሱ። የታሸገ ዱቄት ከሆነ ደግሞ ማንበብ የሚችል ልጃችሁ ሣጥኑን ያንብብላችሁ፤ ፌኒሊንዳያሚን የሚል ቃል ካለበት ለገላ አይሆንም። ምን እንደገባበት ጨርሶ ያልተጻፈበትንም አትመኑት።

በልጅ ላይ «እስቲ ትንሽ ነክተን እንሞክረው» አይባል። ሙከራው ራሱ አለርጂውን ሊያስጀምር ይችላልና።

ስለ እውነተኛው ሒናም አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ለአራስና ለጨቅላ ሕፃናት ሒና አትቀቡ። ጂ ስድስት ፒዲ የሚባል የደም ንጥረ ነገር ከተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። በነዚህ ልጆች ላይ ንጹሕ ሒና እንኳ በቆዳ ገብቶ የደም ሴሎቻቸውን እንዳፈረሰ ሐኪሞች መዝግበዋል። ሒና የተቀባ ልጅ ከገረጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንቱ ከጠቆረ ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ከደረሰስ ምን እናድርግ?

ቀለሙ ገና ትኩስ ከሆነ በብዙ ውኃና በሳሙና በቀስታ እጠቡት፤ ቆዳውን አትፈግፍጉት። ካሳከካት በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ አድርጉላት፤ ጥፍሯን ቁረጡላት። ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡት። ቅቤ፣ ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላ ሒና፤ አንዱንም አታድርጉበት። የተቆጣ ቆዳ ላይ የሚጨመር ሁሉ ቁጣውን ያብሳል።

ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ስትሄዱም «ከዚህን ያህል ቀን በፊት ጥቁር ሒና ተቀብታ ነበር» ብላችሁ ንገሩ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ናት። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ ያለው ቅባት ነው፤ ቁስሉ ካመረቀዘ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ይህን ቅባት ግን ከጎረቤት ተውሳችሁ ወይም ከሱቅ በግምት ገዝታችሁ አትቀቡ፤ ዓይነቱና የሚቀባበት ቀን ብዛት በባለሙያ የሚወሰን ነው። ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ፊቷ፣ ከንፈሯ ወይም ምላሷ ካበጠ፣ ድምፅዋ ከታፈነ ወይም መተንፈስ ከከበዳት ግን ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል!

«ዓይን ነው» ላላችሁትም አንድ ቃል። ዓይን እውነት መሆኑን ሐዲስ ነግሮናል፤ ዱዓና ሩቅያም ሱና ነው። ነገር ግን ያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል። ቁርኣን የሚቀራላት ልጅ ሐኪም ዘንድ መሄዷ ተወኩልን አያጎድልም። እድሜዋ ደርሶ ሰላት የምትሰግድ ልጃገረድ ብትሆንና ቁስሉን ውኃ የሚጎዳው ቢሆን ደግሞ ሸሪዓችን ማቅለያ አለው፤ ዑለማእን ጠይቁ።

ወደፊት ሕክምና በሄደች ቁጥር፣ ጸጉር ቤትም በገባች ጊዜ «የጸጉር ቀለም አለርጂ አለብኝ» እንድትል አስተምሯት። በልጅነቷ የደረሰውን ለባሏ ቤት ሰዎችም ጭምር እንድታውቅና እንድትናገር ያስፈልጋል፤ በሠርጓ ዋዜማ በደስታ መካከል እንዳትቀባ።

ለምትሠሩትና ለምትሸጡት

ሒና የምትሠሩ እህቶቼና እናቶቼ፤ ሥራችሁ ሐላል ነው፤ ሰዎችን ደስ የምታሰኙበት ነው። አብዛኞቻችሁ በክፋት እንደማታደርጉት አውቃለሁ። ደንበኛ «ጥቁር ይሁንልኝ፣ ቶሎ ይድረቅልኝ» እያለ ያስገድዳችኋል። ነገር ግን ያንን ታሪክ አስታውሱ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገቡ፤ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩን እርጥቡን ከላይ አድርገህ ሰው እንዲያየው ለምን አላደረግህም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልል ሰውም ከርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። የጸጉር ኬሚካል «ሒና ነው» ብሎ መቀባት ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል? እርጥቡ እህል ገንዘብ ነው የሚያጎድለው፤ ይህ የልጅ ገላ ያቆስላል።

ሌላም አለ። ሕክምና ሳያውቅ ያከመና ጉዳት ያደረሰ ሰው ተጠያቂ መሆኑን ነቢዩ አስተምረዋል። የማያውቁትን ነገር በሰው ልጅ ገላ ላይ ማድረግም ከዚህ የራቀ አይደለም። በአገራችን ሕግም የውበት መጠበቂያ ምርቶች በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቁጥጥር ሥር ናቸው።

እንዲህ ብታደርጉስ? «እኔ ዘንድ ጥቁር የለም፤ ቀዩን ነው የምሠራው» በሉ። ሒናውን ማታ ተቀብተው እንዲያድሩ ንገሯቸው። የሚጠቁርላቸው በቀን ሳይሆን በትዕግሥት እንደሆነ አስረዷቸው። የተወሰነ ደንበኛ ይሄድባችሁ ይሆናል፤ ሪዝቅ ግን ከአላህ ናት። በእውነት የተሠራ ሥራ ደንበኛ ማምጣቱ አይቀርም።

አማናችን

አባቶች ሆይ፣ ይህ የሴቶች ወሬ ነው ብላችሁ ጆሯችሁን አትመልሱ። እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ ነቢያችን ነግረውናል። ልጅ ምን እንደተቀባ አይጠይቅም፤ እጁን ብቻ ይዘረጋል። የዘረጋው እጅ በኛ ላይ ያለው እምነት ነው። ያንን እጅ ምን እንደነካው ማወቅ የኛ ግዴታ ነው።

መድረሳ የምታስተምሩ ኡስታዞች፣ ከዒድ በፊት ባሉት ቀናት ለልጆቹ ሁለት ደቂቃ ንገሯቸው። የመስጂድ ኢማሞች በጁሙዓ ከኹጥባ በኋላ አንድ ቃል ጣል አድርጉ። እናቶች በቡና ላይ አንሱት። ለአንድ ቤት የተነገረ ለአሥር ቤት ይደርሳልና።

በመጪው ዒድ ልጃችሁ «እማዬ፣ እኔስ?» ስትል አትከልክሏት። ደስታ የዒድ ሱና ነው። ከዋዜማው በፊት ባለው ማታ አስቀምጧት፤ እውነተኛ ሒና አቡኩላት፤ የደጋ ሰው ከሆናችሁም አያቷ እንሶስላ ይውቀጡላት። እጇን ጠቅልላችሁ አስተኟት። ጠዋት ቀይ ሆኖ ሲፈታ የጎረቤት ልጅ «የኔ ከሱ ይጠቁራል» ትላት ይሆናል። ያን ጊዜ «ልጄ፣ ያንቺ እውነተኛው ነው» በሏት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ከሚታየውም ከማይታየውም ጉዳት ይጠብቅልን፤ የታመሙትን በሽፋው ይማርልን፤ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። አሚን።